ትንሿ ዲሽ ትልቋን እንዴት በለጠቻት?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ አንድ ታወር አለ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ሥራዬ ከአንቴና ጋር የተያያዘ መሆኑን ከሰሙ ወዲህ የጠዋት ሰላምታችን ረዝሟል። ባለፈው ሰሞን ጋቢያቸውን እንደደረቡ ወደ ላይ ጠቆሙኝና፣ «ልጄ፣ ያቺ ትልቋ ከበሮ ድሮም ነበረች። አሁን ደግሞ ይቺን ሚጢጢ ሰቀሉ። ከትልቋ ይበልጥ የምትሸከመው እሷ ናት አሉኝ። ትልቋ እንግዲህ ልትወርድ ነው መሰለኝ። እየቀለዱብኝ ነው ወይስ የምራቸውን ነው?» አሉ።

የምራቸውን ነው። ትልቋ ከዳር እስከ ዳር 1.2 ሜትር ገደማ ናት። ሚጢጢዋ 30 ሴንቲ ሜትር፤ የእንጀራ ምጣድ ግማሽ ብትሆን ነው። ሆኖም ትልቋ በሰከንድ ጥቂት መቶ ሜጋቢት ስታሻግር፣ የሚጢጢዋ ዓይነት እስከ 10 ጊጋቢት ድረስ ይሄዳል። ለጋሼ እዚያው ቆሜ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ባትሪ፣ በርሜል፣ ጭቃ የገባ አይሱዙ፣ ያልጠቀስኩት ነገር የለም። ታክሲው መጣና ሳልጨርስ ሄድኩ። ይኸው አሁን ልጨርሰው።

የዳር አገር መሬት

እኛ ወደ ከተማው ዳር የወጣነው ለምንድን ነው? መሃል ቦታ ስለሌለ። የሬዲዮ ሞገድም ታሪኩ ይኸው ነው። ኤፍኤም፣ የድሮው ቴሌቪዥን፣ 2ጂ እና 3ጂ፣ አብዛኛው 4ጂ፣ የቤት ዋይፋይ አንዱ ባንድ፣ ሁሉም ከ3 ጊጋኸርዝ በታች ባለው ሰፈር ተፋፍገው ነው የሚኖሩት። አንድ ጊጋኸርዝ ማለት ሞገዱ በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ ሲወዛወዝ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቢለካ፣ አጥሩም መንገዱም ቢቆጠር፣ ያው 3 ጊጋኸርዝ ነው። ወደ ዳር ስንወጣ ግን ከ71 እስከ 76 እና ከ81 እስከ 86 ጊጋኸርዝ የተዘረጋ ሜዳ እናገኛለን። ሁለቱ ሲደመሩ 10 ጊጋኸርዝ። ባለሙያዎች ኢ ባንድ ይሉታል። ትልቋ ዲሽ የምትሠራው 8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው እንበል። እዚያ አንድ ሊንክ፣ ማለትም ሁለት ዲሾችን በአየር የሚያገናኝ መስመር፣ በተለመደው የሚደርሰው ቦታ 28 ሜጋኸርዝ ነው። ኢ ባንድ ላይ 500 ሜጋኸርዝ፣ ሲያስፈልግም 2,000 ሜጋኸርዝ ይሰጠዋል። ዳታው የበዛው በተለየ ጥበብ አይደለም። መሬቱ ሰፊ ስለሆነ ነው።

ግን የዳር መሬት ሰፊ ቢሆንም መብራቱም ውሃውም እንዴት እንደሚዘገይ እናውቃለን። እዚህም የሚከፈል ዋጋ አለ።

የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን በሰከንድ ለሚወዛወዝበት ቁጥር፣ ማለትም ለፍሪኩዌንሲው፣ ብናካፍለው የአንዱ ሞገድ ርዝመት ይወጣል። 900 ሜጋኸርዝ ላይ 33 ሴንቲ ሜትር ነው። የሳተላይት ቲቪ ዲሻችን በምትቀበለው በ12 ጊጋኸርዝ አካባቢ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከ30 እስከ 300 ጊጋኸርዝ ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሚሊሜትር ሞገድ መባሉም ለዚህ ነው። 80 ጊጋኸርዝ ላይ 3.75 ሚሊ ሜትር፤ የምስር ፍሬ ታህላለች።

ነገሩን ከ5ጂ ጋር የመጣ አዲስ ግኝት የሚያደርገው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ ካልካታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ 5 ሚሊ ሜትር በሚያህል ሞገድ ይሞክር ነበር። 60 ጊጋኸርዝ መሆኑ ነው። ጡሩንባ የመሰለ አንቴናም ሠርቷል፤ ዛሬ ሆርን የምንለው ነው። ትራንዚስተር በሌለበት ዘመን!

አንቴና ኃይል አይጨምርም

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንቴና ከሶኬት ኃይል ወስዶ ሞገዱን አያጎለብትም። የሚሠራው መሰብሰብ ብቻ ነው። የባትሪ አምፖል ብቻውን ቢበራ ክፍሉን በደብዛዛው ያዳርሳል። ከኋላው ያለው የሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ ሲገጠምለት ግን ያው ብርሃን ጎረቤት ግቢ ድረስ ይዘልቃል። አምፖሉ አልተለወጠም። ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይባክን የነበረው ወደ ፊት ተላከ እንጂ። ይህ ወደ አንድ አቅጣጫ የመሰብሰብ አቅም ጌይን ይባላል፤ መለኪያው ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። 3 ሲጨመር እጥፍ፣ 10 ሲጨመር አሥር እጥፍ፣ 20 ሲጨመር መቶ እጥፍ ነው።

ጌይን የሚወሰነው አንቴናው በሞገዱ ሲለካ ስንት እንደሚሆን ነው። በሜትር ሳይሆን በሞገድ። 1.2 ሜትሯ ዲሽ በ8 ጊጋኸርዝ ስትለካ 32 ሞገድ ናት፤ ጌይኗ 38 ዴሲቤል ገደማ። 30 ሴንቲ ሜትሯ በ80 ጊጋኸርዝ ስትለካ 80 ሞገድ ናት፤ ጌይኗ 44 ዴሲቤል አካባቢ፣ ማለትም 25,000 እጥፍ። ሚጢጢ የምንላት እኛ ነን። ሞገዱ እሷን የሚያያት ከትልቋ አስበልጦ ነው።

አሁን አንድ የተሳሳተ አባባል ላንሳ። ኢንጂነሮችም ሲደጋግሙት ሰምቻለሁ። «ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ አየር ላይ ቶሎ ይሞታል» ይባላል። ሃራልድ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው ቀመር ውስጥ እውነትም የሞገድ ርዝመት አለ። ፍሪኩዌንሲው አሥር እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል መቶ እጥፍ ያንሳል። ግን ይህ የሚሆነው አንቴናው ከሞገዱ ጋር አብሮ እንዲያንስ ከተደረገ ነው።

ክረምት ሲመጣ ሰፈራችን ውስጥ ሰው የጣሪያ ውሃ ያጠራቅማል። አንዱ በርሜል ያስቀምጣል፣ አንዱ የቡና ሲኒ። ማታ ሲኒው ውስጥ ያለው ውሃ ጥቂት ነው። ዝናቡ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ነው የዘነበው። የ900 ሜጋኸርዝ ቀላል አንቴና በርሜል ነው፤ የ80 ጊጋኸርዙ ሲኒ ነው። ሲኒውን ትተን ለሁለቱም ያንኑ በርሜል ብንሰጣቸው ምን ይሆናል? በሁለቱም ጫፍ ያችው አንድ ዓይነት ዲሽ ብትሰቀል፣ አየሩ ከጠራ፣ 80 ጊጋኸርዝ ከ8 ጊጋኸርዝ መቶ እጥፍ የበለጠ ኃይል ያደርሳል። ያነሰ ሳይሆን የበለጠ። የምትቀበለዋ እኩል ትሰበስባለች፤ የምትልከዋ ግን ይበልጥ አጥብባ ትወረውራለች። ከፍተኛ ጌይን ለሚሊሜትር ሞገድ ቅንጦት አይደለም። ያለ እሱ ከሲኒ አንወጣም።

አየሩ ፍጹም ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። 60 ጊጋኸርዝ አካባቢ ኦክስጅን ራሱ ሞገዱን ይውጣል፤ በባሕር ጠለል ላይ በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል ያህል። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች ትንሽ ይቀልላታል። እንጦጦ ላይ ሯጩን የሚያስለከልከው የሳሳ አየር ለሞገዱ ይጠቅመዋል ማለት ነው። ኢ ባንድ ከዚህ የኦክስጅን ወጥመድ ውጭ ነው። ዝናቡ ግን አይምረውም። የዝናብ ጠብታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ሞገዱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ እኩያሞች ስለሆኑ ይጋጫሉ። በሰዓት 25 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ 80 ጊጋኸርዝ ላይ በኪሎ ሜትር 10 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። የሐምሌ ዶፍ ደግሞ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ከዚያ ይብሳል።

ጭቃ የገባው አይሱዙ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጌይን ነው። ጌይን ብቻውን ያን ያህል አያስቸግርም። ጭንቁ የሚመጣው ጌይንን ከሰፊ ባንድ ጋር አንድ ላይ ስንፈልግ ነው። ከ71 እስከ 86 ጊጋኸርዝ ድረስ አንድ አንቴና በእኩል እንዲሠራ እንፈልጋለን። መሃሉን 78.5 ብንል፣ ስፋቱ የመሃሉ 19 በመቶ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጌይኑ እንዳይወርድ፣ ጨረሩም ወደ ጎን እንዳይዞር።

አንድ ጭቃ ውስጥ የገባ አይሱዙ አስቡ። ሐምሌ ላይ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ማሰብም አያስፈልገው፤ አይቶታል። አሸዋ ጭኗል። አሥራ ስድስት ጎረምሳ ከኋላ ተደርድሯል። አንዱ «ሆ!» ሲል ሁሉም እኩል ይገፋሉ፤ መኪናው ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና «ሆ!»። ጠፍጣፋ አንቴናም ይኸው ነው። ትናንሽ አንቴናዎች፣ ቁራጭ እንበላቸው፣ ይደረደራሉ፤ ሁሉም እኩል ሲገፉ ጌይን ይወለዳል። በቁጥር እጥፍ ሲሆኑ 3 ዴሲቤል ይጨመራል።

ጥያቄው «ሆ!» የሚለው ድምፅ ለእያንዳንዱ እንዴት ይድረስ የሚለው ነው። አንደኛው ዘዴ በሰልፍ ማስተላለፍ ነው። ከዳር ያለው ይሰማል፣ ይገፋል፣ ለቀጣዩ ይነግረዋል። ቀጣዩ ትንሽ ዘግይቶ ይገፋል። መኪናው እየተወዛወዘ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ከቀደመው ልክ አንድ ሙሉ ዙር ቢዘገይ ችግር የለውም፤ ከሚቀጥለው «ሆ!» ጋር ይገጥማል። በአንቴናም ቁራጮቹን በአንድ ሞገድ ርዝመት አራርቆ በአንድ መስመር ላይ መሰካት ይቻላል። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ መስመሩም አጭር ነው።

ግን ፍሪኩዌንሲው በ10 በመቶ ከፍ ይበል። ዙሩ አጠረ። ወሬው የሚተላለፍበት ጊዜ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከቀደመው በዙሩ አንድ አሥረኛ ተጨማሪ ይዘገያል። ሁለተኛው አንድ አሥረኛ፣ ሦስተኛው ሁለት አሥረኛ እያለ፣ ስድስተኛው ጎረምሳ ግማሽ ዙር ይዘገያል። የመጀመሪያው ሲገፋ እሱ ይጎትታል ማለት ነው! አንቴና ላይ ውጤቱ ጨረሩ ከፊት ለፊት ተነሥቶ ወደ ጎን ማዘንበሉ ነው። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር፣ ማለትም ጌይኑ በጨመረ ቁጥር፣ ይህ ይብሳል። ጌይንና ባንድ የሚጣሉት እዚህ ጋ ነው። ወደ ሥሩ ሲወረድ ጠቡ የጊዜ ጠብ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የመስኖ ቦይ ነው። አንዱ ቦይ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት፣ ስምንቱ ለአሥራ ስድስት። ከምንጩ እስከ እያንዳንዱ መደብ ያለው ርቀት እኩል ነው። ፍሪኩዌንሲው ቢለወጥ ሁሉም እኩል ይዘገያሉ፤ እኩል መዘግየት ደግሞ አይጎዳም። አለቀ በሉኛ! አላለቀም።

ቦዩ ውሃ ይመጥጣል። እንደ ሞባይል ሰርኪዩት ቦርድ በመዳብ የታተመ መስመር በዚህ ፍሪኩዌንሲ በጣም ያባክናል። ቁራጮቹን አራት እጥፍ ስናደርጋቸው 6 ዴሲቤል እናተርፋለን። አንቴናው በሁለቱም ጎን ስለሚያድግ መስመሩም በእጥፍ ይረዝማል፤ በዴሲቤል የሚቆጠረው ብክነትም በእጥፍ። ብክነቱ መጀመሪያ 1 ዴሲቤል ነበር ብንል 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ ይሄዳል። ከ8 ወደ 16 ስንሄድ 6 አትርፈን 8 ከሰርን። ከዚያ በኋላ አንቴናውን ማተለቅ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ብዙ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ ብክነቱን ዜሮ አድርጎ ይስልና አንቴናው ሲያምርለት ይደሰታል። ላቦራቶሪ ሲገባ ነው ጉዱ የሚፈላው።

ብክነቱ እንዲቀንስ ሞገዱን ባዶ የብረት ቱቦ ውስጥ መላክ ይሻላል። ዌቭጋይድ ይባላል። ውስጡ አየር ስለሆነ የሚውጠው ነገር የለም። ለኢ ባንድ የሚሆነው ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 3.1 በ1.55 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ይህን የመሰለ ቱቦ ሞገዱ ለሚወጣባቸው 256 ቀዳዳዎች የሚከፋፈል ቦይ አድርጋችሁ ብረት ውስጥ ፈልፍሉት! አንድ ወጥ አድርጎ መፈልፈል ስለማይቻል ሁለት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ይገጣጠማል። መገጣጠሚያው ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ሞገዱ ይሾልካል።

ጃፓኖች በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ መፍትሔ አሳይተዋል። ስስ የመዳብ ወረቀቶችን ቀዳዳ ቀዳዳ አድርገው ቆረጡ። ከዚያ ደራርበው፣ ሳይቀልጡ፣ በሙቀትና በግፊት አንድ አደረጓቸው። 60 ጊጋኸርዝ ላይ 16 በ16 ቀዳዳ ያለው እንዲህ ያለ አንቴና 33 ዴሲቤል ገደማ ጌይን ሰጠ። ከገባው ኃይል የሚባክነው ጥቂት ነው። መጠኑ መዳፍ ላይ ያርፋል።

ለኔ ግን ልቤን የሰረቀው ሌላ ነው። ስዊድን፣ ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ፣ ፐር ሲሞን ኪልዳል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ጋፕ ዌቭጋይድ የሚባለውን ሐሳብ አቀረበ። ሁለቱ ሰሌዳዎች መነካካት አያስፈልጋቸውም አለ! በታችኛው ሰሌዳ ላይ፣ ከቦዩ ግራና ቀኝ፣ የሞገዱን ሩብ የሚያህል ቁመት ያላቸው ጥቃቅን ምሰሶዎች ይተከላሉ። እንደ ሚዶ ጥርስ ናቸው። 80 ጊጋኸርዝ ላይ ቁመታቸው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ያለው ሰሌዳ በትንሽ ክፍተት ይቀመጣል። ምሰሶዎቹ ባሉበት ክፍተቱ ውስጥ ሞገዱ መሄድ አይችልም፤ በር እንደተዘጋበት ወደ ቦዩ ይመለሳል። መበየድ የለ፣ ማጣበቅ የለ፣ በብሎን ጠበቅ ማድረግ ብቻ። ክፍተቱ አይቀሬ ከሆነ ክፍተቱን ራሱን ዘበኛ አደረገው። እንዲህ ያለ መላ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ዲሽ ምን በወጣት?

እስካሁን ያነበበ ሰው «ዲሽ ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?» ቢል አይፈረድበትም። ዲሽ በተፈጥሮዋ ሰፊ ባንድ ናት። ከፊቷ ካለው ምንጭ ተነሥቶ ሳህኑን ነክቶ ወደ ፊት የሚወጣው ሞገድ፣ በየትኛውም በኩል ቢሄድ፣ እኩል መንገድ ይጓዛል። ይህን ያደረገው የሳህኑ ቅርጽ ነው፤ ቅርጽ ደግሞ ፍሪኩዌንሲ አይጠይቅም። ባንዱን የሚገድበው መሃሏ ላይ ያለው ምንጭ ብቻ ነው። ሰው ታወር ላይ ዲሽ የሚሰቅለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም።

ግን ዲሽ ወፍራም ናት፣ ንፋስ ትይዛለች፣ ፊቷን የምታዞረው በመፍቻ ብቻ ነው። የመብራት ምሰሶ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ስልክ ውስጥ አትገባም። ጠፍጣፋው ለዚህ ተፈለገ። 28 ጊጋኸርዝ ላይ 64 ቁራጭ ያለው 8 በ8 አንቴና 4.3 ሴንቲ ሜትር በ4.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክብሪት ቀፎ ቢባል ነው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ሰዓት በኤሌክትሮኒክስ ስለሚስተካከል ጨረሩ ሳይነቃነቅ ይዞራል። የሚራመድ ሰውን ለመከተል ይህ ግድ ነው።

መሃል ሰፋሪም አለ። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ መጠናቸው የሚለያይ የመዳብ ቁራጮችን አትሞ እንደ ዲሽ እንዲያንጸባርቅ ማድረግ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሞገዱን በሚፈለገው መጠን ያዘገየዋል። ርካሽ ነው፣ ሻንጣ ውስጥም ይታጠፋል። ግን አንድ ማጭበርበር አለበት። ሦስት ዙር ከሩብ መዘግየት የነበረበትን ሩብ ዙር ብቻ ያዘገየዋል፤ የሰዓቱ እጅ ያው ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ልዩነቱ አይታይም። ፍሪኩዌንሲው ሲለወጥ ግን ሦስቱ የተሰረቁ ዙሮች ይጋለጣሉ፤ ጌይኑም ይወርዳል። ባንዱን ለማስፋት የሚደክሙ ሰዎች የሚያደርጉት የተሰረቀውን ጊዜ መመለስ ነው፤ ቁራጮቹን በሁለትና በሦስት ንብርብር ይሠሯቸዋል፣ ወይ እውነተኛ የመዘግየት መስመር ያስገባሉ።

ስለ ቁራጩም አንድ ነገር ልበል። ቦዩ የቱንም ያህል ቢሰፋ መጨረሻ ላይ ያለው ቁራጭ ጠባብ ከሆነ ከንቱ ነው። በጣም የተለመደው ፓች የሚባለው የመዳብ ካሬ ነው። እሱ የክራር ጅማት ነው፤ በተቃኘበት ድምፅ ብቻ ይጮኻል፣ በዙሪያው ጥቂት በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሆንግ ኮንግ ላይ ክዋይ ማን ሉክና ባልደረባው ሁለት ጠባይ ያለው ቁራጭ አቀረቡ። አንዱ ክፍል እንደ ኤሌክትሪክ ዘንግ፣ ሌላው እንደ ማግኔት ዘንግ ይሠራል። ሁለቱ ወደ ኋላ ሲልኩ ይሻራሉ፣ ወደ ፊት ሲልኩ ይደጋገፋሉ። ባንዱ ከ40 በመቶ በላይ ሆነ፤ የጨረሩም ቅርጽ ብዙ አልተበላሸም። ዛሬ የሰፊ ባንድ ጠፍጣፋ አንቴና ሥራ ላይ ይህን ቁራጭ ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ።

ፀጉር የምታህል ስሕተት

ንድፉ ካለቀ በኋላ ብረት ቆራጩ ይመጣል። የዲሽ ፊት ጎርበጥባጣ ሲሆን ስንት ጌይን እንደሚጠፋ ጆን ሩዝ የሚባል ሰው ቀመር ሠርቶለታል። ጉርብጥብጡ በአማካይ የሞገዱን አንድ አሥራ ስድስተኛ ካህለ ጌይኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የቤታችን የቲቪ ዲሽ ላይ ይህ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ልጆች በኳስ መትተዋት እንኳ ምስል የምታመጣው ለዚህ ነው። 80 ጊጋኸርዝ ላይ ግን ሩብ ሚሊ ሜትርም አይሞላም። ኪሳራው እንዳይታወቅ ከተፈለገ ደግሞ ከ0.075 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የፀጉር ውፍረት ነው። የመዳቡ ልስላሴም ይታያል። 60 ጊጋኸርዝ ላይ ጅረቱ የሚሄደው በመዳቡ ቆዳ ላይ ብቻ ነው፣ 0.27 ማይክሮ ሜትር ጥልቀት። ሻካራ ከሆነ እያንዳንዱን ጉብታ እየወጣ እየወረደ ይደክማል።

ከዚያ መስቀል አለ። ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ናይልሳት የፈለጋችሁ፣ ከታች ያለው «መጣ! ኧረ ሄደ!» እያለ ያሰቃያችሁ፣ ያኔ የዲሻችሁ ጨረር ሁለት ዲግሪ ገደማ ነበር። የ30 ሴንቲ ሜትሯ የ80 ጊጋኸርዝ ዲሽ 0.9 ዲግሪ ናት። ከጨረቃ ዲስክ እጥፍ አትሞላም።

እኔ በዚህ ተበልቻለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ከከተማው ዳር ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያህል ሊንክ ሰቀልን። ዲሿን ወደ ግራና ቀኝ እያሽከረከርን ሲግናሉ ከፍ ያለበት ጋ አጠበቅን። ሠራ። ግን ከስሌቱ በ20 ዴሲቤል አነሰ። ሬዲዮ ቀየርን፣ ኬብል ቀየርን፣ ዕቃውን የሸጠልንን ረገምን። በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ «እስቲ የበለጠ እናዙራት» አለ። ሲያዞራት ሲግናሉ ጠፋ። ትንሽ ሲቀጥል እንደገና መጣ፤ መጣና አልቆመም፣ ወጣ፣ ወጣ። ለካ ያጠበቅነው ዋናውን ጨረር አይደለም። ማንኛውም አንቴና ከዋናው ጎን ደካማ ቅርንጫፎች አሉት። እኛ አንዷ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጫፉን አገኘሁ ብዬ አላቆምም፤ ሁለቱንም ጎን አልፌ ካላየሁ አላጠብቅም።

ቅዳሜ ዕለት ሁለት ልጆች ታወሩ ላይ ነበሩ። አንዱ ስልኩን በትከሻው ይዞ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ አቁም!» ይላል። ጋሼ ከታች ቆመው አንገታቸውን ቀና አድርገዋል። ሲያዩኝ ጠሩኝ።

«ትልቋን አላወረዷትም» አሉ። «እንዲያውም ብሎኗን አጠበቁላት።»

ዝናቡን ነገርኳቸው። ዶፍ ሲወርድ ሚጢጢዋ መጀመሪያ ፍጥነቷን ትቀንሳለች፤ ሲብስባትም ትጠፋለች። ትልቋ በ8 ጊጋኸርዝ ዝናብ ብዙም አይነካት። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ያሠሯቸዋል፤ በደህናው ቀን ዳታው በሚጢጢዋ ይሄዳል፣ በዶፉ ሰዓት አስፈላጊው ወደ ትልቋ ይዞራል።

«ስንት ደቂቃ ነው ዶፉ?» አሉ።

«ብዙ ጊዜ ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ።»

«ለሃያ ደቂቃ ብለው ዓመቱን ሙሉ ያቆሟታል?»

«አዎ ጋሼ።»

ወደ ላይ አዩ። «እንደኔ ዘበኛ ናት በለኛ» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከፉሪ በኩል መጥቆር ጀምሮ ነበር።